በጡጫ የተለካ ካልሲ

ባየ ከሰው ጋር ሲተዋወቅ ስሙን ከመናገሩ በፊት ማዕረጉን ይናገራል። «መቶ አለቃ» ይልና ቃሉ በአድማጩ ጆሮ ውስጥ ተደላድሎ እስኪቀመጥ ጠብቆ «ባየ» ሲል ይጨምራል። ይህን ማዕረግ ማን እንደሰጠው በአማን ከተማ የሚያውቅ ሰው የለም። በደርግ ዘመን የአንድ ጦር ክፍል የልብስ ግምጃ ቤት ጠባቂ እንደነበረ፣ ጦሩ ሲበተንም አስር አለቃ ሆኖ እንደተበተነ ግን ሚስቱ ማናልሞሽን ጨምሮ የማያውቅ የለም። የአማን ሰው ጨዋ ስለሆነ ማዕረጉን አልነፈገውም። ደመወዝ የሌለው ሹመት ማንንም አይጎዳም።

ሥራው ካልሲ መሥራት ነው። የት እንደተማረው የጠየቀ ሰው ሁለት መልስ ያገኛል። ባየን ከጠየቀ፣ ለኮርስ ሶቪየት ኅብረት ሄዶ በነበረ ጊዜ አንዲት የጄኔራል ሚስት በገዛ እጇ አስተምራዋለች። ማናልሞሽን ከጠየቀ፣ መንግሥት ሲለወጥ የተበተኑ ወታደሮች በተሰበሰቡበት የተሃድሶ ካምፕ ውስጥ አንድ ወፍራም ወጥ ቤት ከአሮጌ ሹራብ ክርና ከተሰባበረ ጃንጥላ ሽቦ ጋር አስተዋውቆታል። የጄኔራሉ ሚስት ዓመት በመጣ ቁጥር እየቆነጀች ሄዳለች። ወጥ ቤቱ ግን እንደወፈረ ቀርቷል። የትኛው ታሪክ እውነት እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

እውነቱን ለመናገር ካልሲው ጥሩ ነበር። ከሰልባጅ ተራ አሮጌ የሱፍ ሹራብ ገዝቶ ይተረትራል። ክሩን አጥቦ ያደርቅና በሽቦዎቹ ዙሪያ ዙሩን እየመላ ይሠራል፤ ተረከዝና ጣት ጋ ሲደርስ ከጆንያ መስፊያ ናይሎን ጋር ደርቦ ያጠብቀዋል። «የእኔ ካልሲ ጫማውን ቀብሮ ለቅሶ ይቀመጣል» ይላል። በዚህ አይዋሽም። ከአማን ወደ ሚዛን በሚወስደው ዳገት ላይ ጫማ በጫማ ላይ የጨረሱ ሰዎች ያንኑ የድሮውን የባየ ካልሲ ለብሰው ይታያሉ።

ችግሩ ካልሲው ጉልበት ድረስ መድረሱ ነበር። በእነዚህ ከተሞች ዝናቡ ከሰማይ፣ ወበቁ ከመሬት ይመጣል፤ እንዲህ ባለ አገር እስከ ጉልበቱ ሱፍ የሚለብስ ሰው ወይ ታሟል ወይ የባየ ዘመድ ነው። ደግነቱ በላይ በኩል ያለው የጌጫ አገር ደጋ ነው። የጌጫ ሰዎች ለጉዳይ ሲወርዱ እየገዙ ይሄዱ ነበርና የባየ ቤት የኖረው በሌላ አገር ብርድ ነው ማለት ይቻላል።

ልክ የሚወስደው በጡጫ ነው። «ጨብጥ» ይላል ደንበኛውን። ደንበኛው እጁን ሲጨብጥ ባየ በጡጫው ዙሪያ ክር ያዞርና ያስራል። የጡጫ ዙሪያ ከተረከዝ እስከ ጣት ጫፍ ካለው እግር ጋር እኩል ነው፤ መንገድ ላይ ካልሲ የሚሸጥ ሁሉ የሚያውቀው የገበያ ሕግ ነው። ለሌላው ሰው ግን ሕጉ አቋራጭ ሲሆን ለባየ ሃይማኖት ነበር። ሰው እግር ሥር ጎንበስ ማለት የሊስትሮ ሥራ ነው፣ መቶ አለቃ ወደ እግር አይወርድም። ረጅሙ ካልሲም ይህን ኩራት ችሎለት ኖሯል። ተረከዙ ጥቂት ቢስት ባት ይይዘዋል፤ ከጉልበት በታች በላስቲክ የታሰረ ካልሲ የትም አይሄድም። ባየ ዕድሜውን ሙሉ በግምት ሲሠራ ኖሮ ግምቱን ልክ ነው ብሎ ያመነው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚያው ሚዛን ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ ከየአገሩ ተማሪ ሲመጣ አጭር ካልሲም አብሮ መጣ። ከጫማው አፍ በላይ የማይታይ፣ ቁርጭምጭሚትን ራቁቱን የሚተው ካልሲ ነው። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ አማን ላይ ሱቅ የከፈተው ኃይለጊዮርጊስ እንደ በርበሬ ዛላ በክር ሰክቶ በሩ ላይ ሰቀለው። የፋብሪካ ሥራ ነው፤ ጥቂት ሲታጠብ የዓሣ መረብ ይሆናል። ያም ሆኖ ይሸጣል። ባየ በዚያ ባለፈ ቁጥር ቆም ይላል።

«ኃይለጊዮርጊስ፣ የቀረውን ግማሽ ለማን ሸጥከው?»

«ለእርስዎ አስቀምጬዋለሁ ጋሽ ባየ። ከጉልበት በላይ ለሚቀጥሉት ይሆንዎታል።»

እንዲህ ሲጎነታተሉ ቆይተው እግዜር አዛመዳቸው። የባየ ልጅ ሔለን በጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ያጫት ባስልኤል ቴፒ ላይ በቡና መጋዘን ይሠራል፤ የኃይለጊዮርጊስ የእኅት ልጅ ነው። ሽማግሌ ሆነው ከመጡት አንዱም ኃይለጊዮርጊስ ነበር።

ቀኑ ዝናብ ነበረ። በአማን ቀይ ጭቃ ምክንያት እንግዳ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በካልሲ ብቻ ሆነው ተደርድረው ተቀመጡ። የባየ ዓይን ከፊታቸው ይልቅ ወደ ወለሉ ወረደ። የኃይለጊዮርጊስ አውራ ጣት ከካልሲው ቀዳዳ ብቅ ብላ ቤቱን ትቃኝ ነበር። ባየ ሽማግሌዎቹ ስለ ልጁ ምግባር የተናገሩትን አንዱንም አልሰማም። ልጅቱ ተፈቀደች፤ ተመረቀ። ከምርቃቱ በኋላ ባየ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ ነገር ልናገር። ሙሽራና ሚዜ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማ ያወልቃሉ። ይህን ለብሰው ነው ሕዝብ ፊት የሚቆሙት?» ሲል በአገጩ ወደ አውራ ጣቲቱ አመለከተ።

ኃይለጊዮርጊስ ጣቱን ሰበሰበ። «የዘንድሮ ልጆች አጭር ነው የሚወዱት ጋሽ ባየ። የእርስዎን ከለበሱ ለጌጫ ዘመቻ እንጂ ለሠርግ አይመስሉም።»

«አጭሩንም እኔ እሠራዋለሁ! ሙሽራው የእኔን ለብሶ ይገባል። ቅዳሴው ሳያልቅ ካልሲው ከተረከዙ ቢወርድ ሽቦዎቼን ጋቸብ ወንዝ እጥላቸዋለሁ፤ ዳግመኛም ክር አልነካም።»

«ሽማግሌዎች፣ ሰምታችኋል» አለ ኃይለጊዮርጊስ። «ወንዙ ድረስ በእኔ መኪና አደርስዎታለሁ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ባየ ሁለቱም ደርሰውበታል።

አጭር ካልሲ ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ ከረጅሙ ላይ ግማሹን መተው ነው ብሎ ነበር ባየም። ነገር ግን አጭር ካልሲ ባት የለውም፣ ላስቲክ የሚታሰርበት ጉልበት የለውም። ያለው ተረከዝ ብቻ ነው። ተረከዙ ልክ ከሆነ ይቆማል፣ ልክ ካልሆነ ጫማው ይበላዋል። ባስልኤል ደግሞ ወደ መጋዘን ጽሕፈት ከመግባቱ በፊት ለዓመታት የቡና ጆንያ ሲሸከም የኖረ ልጅ ነው። ጡጫው የሁለት ሰው ነው፤ እግሩ ግን የእናቱን ወጥቶ ቀጭንና አጭር ነው። ባየ «ጨብጥ» አለው፣ ክሩን አዞረ፣ ሠራ።

ባስልኤል የመጀመሪያውን ጥንድ ለብሶ ከአማን ሚዛን መነኸሪያ ደርሶ ተመለሰ። በሩ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው ሙሉ በሙሉ ከጣቱ ሥር ተጠቅልሎ እንደ ሎሚ ድቡልቡል ብሎ ነበር።

«እንዴት ነው?» አለ ባየ።

«በጣም ይሞቃል ጋሼ» አለ ባስልኤል፤ አማቱን ማስቀየም አልፈለገም። «ጣቴ ጋ በተለይ።»

«ጫማህ ነው የበላው። መጥፎ ጫማ ነው።»

ለሁለተኛው ጥንድ ባየ ጫማውን ይቅር ብሎ ላስቲክ አገባበት። ይኼኛው አልወረደም። አልወልቅም አለ እንጂ። ሔለን በመቀስ ቆርጣ ስታወጣው በእጮኛዋ እግር ዙሪያ ቀይ ሸንተረር ታትሞ ነበር።

«አባዬ፣ ደሙን ዘግተህበታል እኮ! እግሩን ለምን አትለካውም?»

«እግሩ ነው የተበላሸው» አለ ባየ። «የሰው እግር ከጡጫው ጋር ይስማማል። የዚህ ልጅ አይስማማም። እኔ ምን ላድርግ?»

ማናልሞሽ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ጎንበስ በልና ለካ! ጳጳሱ እንኳ በጸሎተ ሐሙስ ጎንበስ ብለው የምእመን እግር ያጥባሉ።»

«ጳጳሱ ወታደር አልነበሩም።»

«አንተስ የካልሲ ጠባቂ አልነበርክም? ያኔም ካልሲ፣ አሁንም ካልሲ። መቼ ነው ከእግር ከፍ ያልከው?»

ባየ ዝናቡን ለማየት የፈለገ መስሎ ወደ ደጅ ወጣ። ዝናቡም የሚፈልገውን አሳየው። በማግስቱ ባስልኤል አጎቱ ዘንድ አድሮ ሲመጣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ገብቶበት ስለነበር ጫማና ካልሲውን ደጅ ካለው የውሃ በርሜል አጠገብ አውልቆ እግሩን ታጠበ፣ ከዚያም በባዶ እግሩ ግቢውን አቋርጦ ገባ። የአማን ቀይ ጭቃ የረገጠውን ሁሉ እንደ ማኅተም ይይዛል። ተረከዙ፣ ጣቶቹ፣ የውስጥ እግሩ ጉድጓድ ሳይቀር ጥርት ብሎ ታትሞ ነበር። ባየ በመስኮት አይቶ ልቡ ዘለለ። እግሩ ሳይነካ፣ ማንም ሳያይ፣ ልኩ ተገኘ።

ልጁ ጨዋታ ጨርሶ እስኪሄድ ጠበቀ። ከዚያ ወጣና በጉልበቱ ጭቃው ውስጥ ተንበረከከ። እግር ላይ ላለመጎንበስ ሲል ከእግር በታች ወደሆነው መውረዱን ልብ አላለውም። ክር ዘረጋ። ነገር ግን ሰማዩ እንደገና ጠቁሯል፤ ዝናብ ቢመጣ ልኩ መፍረሱ ነው። ስለዚህ በአካፋ አሻራውን ከነጭቃው ሳይሰነጠቅ ፈልቅቆ በትሪ ላይ አኖረውና በጋቢው ጫፍ ሸፈነው።

«ጋሽ ባየ፣ ደህና ዋሉ? ምን ጠፋብዎ?»

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታቸው ሰርካዲስ ቆማለች። ሰርካዲስ በአማን ስለሚሆነው ነገር ከሚሆንበት ሰው ቀድማ የምታውቅ ሴት ናት።

«ምንም» አለ ባየ። ትሪውን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«ያ የሙሽራው እግር የረገጠበት አይደለም?»

«ጭቃ ነው» አለና ፈጥኖ ገባ።

የሰው የእግር አፈር የሚወሰደው ለምን እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ለመተት ነው። ጠንቋይ ዘንድ ይወሰዳል፣ ይደገምበታል፣ ከደጃፍ ይቀበራል፤ የአፈሩ ባለቤት ወይ ፈዝዞ ይቀራል ወይ ከአማቱ ቤት ሳይወጣ ያረጃል። ሰርካዲስ ያየችው ይህን ነው፤ ባየ ትሪውን በጋቢ መሸፈኑ ደግሞ ማስረጃውን ሞላው። ወሬው ከሰዓት በኋላ ገበያ ገባ፤ በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሮ ቴፒ ወረደ። መንገድ ላይ ጥቁር ዶሮ ተጨመረበት። ቴፒ የምትኖረው የባስልኤል እናት ወሰንየለሽ ዘንድ ሲደርስ ባየ በጦር ሜዳ ከአንድ ደብተራ የተማረው አስማት ሆኖ ነበር። የጄኔራሉ ሚስት ከታሪኩ ወጣች፤ ከባየ አፍ ያልወጣ ነገር በመሆኑ ሰው ሁሉ አመነው።

ባየ መጀመሪያ አልገባውም። ገበያ ሲወጣ ሰው መንገድ ለቀቀለት። በፊት «ጋሽ ካልሲ» የሚሉት ጎረምሶች ዝም ብለው ቆሙ። ሰርካዲስ ከትንሣኤ በፊት የተዋሰችውን ወንፊት በአጥር በኩል አስቀምጣ ሮጠች። ምክንያቱን ሲሰማም፣ ይህን መደበቅ አይቻልም፣ ለግማሽ ቀን ያህል አልከፋውም። መቶ አለቃ ሆኖ ያላገኘውን መፈራት ጠንቋይ ሆኖ አግኝቶታል።

ማታ ሔለን ከሥራ ስትመጣ ዓይኗ አብጦ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«እናቱ ደውላ ነበር። ‹አፈሩ ካልተመለሰ ልጄ ያንን ደጅ አይረግጥም፤ ሠርጉም የለም› አለችኝ። እኔንም ጠርጥራኛለች። አባዬ፣ በካልሲ ምክንያት ባል ልታሳጣኝ ነው?»



በማግስቱ ረፋድ ላይ መጡ። ወሰንየለሽ ከቴፒ የጠበል ጠርሙስ ይዛ፣ ባስልኤል አንገቱን ደፍቶ፣ ኃይለጊዮርጊስና ሽማግሌዎቹ ከኋላ። በሩ ጋ ሲደርሱ ማናልሞሽ እንደ ልማዱ ጫማ እስኪያወልቁ ቆማ ጠበቀች። አንድም ሰው አላወለቀም። የጫማቸውን ጭቃ እንደያዙ ገብተው ተቀመጡ። አማን ላይ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም፤ ማናልሞሽ በወለሉ ላይ የታተመውን የኃይለጊዮርጊስ ጫማ አይታ «እንኳን የእግራችሁ አፈር፣ የጫማችሁም ቢሆን እኛ ዘንድ ሞልቷል» አለች።

ወሰንየለሽ አልተቀመጠችም። «የልጄን አፈር አምጡልኝ።»

ባየ ትሪውን አመጣ። ባያመጣው ይሻል ነበር። ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ርዝመቱን ለመለየት ሲል በተረከዙና በጣቶቹ ላይ የክብሪት እንጨት ተክሎ በመካከላቸው ክር ወጥሮበታል። ወሰንየለሽ ጮኸች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አማተበ።

«እሾህ ተክሎበታል! ተረከዙ ላይ! አስሮታል!»

«ክብሪት ነው!» አለ ባየ። «ልክ ነው። የካልሲ ልክ ነው!»

«የካልሲ ልክ?» ወሰንየለሽ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ይህም ከጩኸቱ የባሰ ነበር። «ልጄ በየሳምንቱ እዚህ ቤት ይመጣል። ሁለት እግሩን ቴፒ ትቶ ነው የሚመጣው? ካልሲ ከሆነ ለምን እግሩን አልለኩም?»

 በእርግጥም ጥያቄው ይህ ብቻ ነበር፤ ባየም ለዚህ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው። መልሱን ደግሞ ከጥንቆላ ይልቅ ያፍርበታል። ወደ ማናልሞሽ አየ። አልረዳችውም። ወደ ሔለን አየ። ሔለን ግድግዳውን ተደግፋ የምትጠብቀው እሱን ነበር።

«ጎንበስ ማለት አልፈለግሁም» አለ ባየ።

«ምን አሉ?» አለ ኃይለጊዮርጊስ፤ ሳይሰማ ቀርቶ አይደለም።

«ጎንበስ ማለት አልፈለግሁም! በቃ!»

ክሩን ከጭቃው ላይ መዝዞ ባስልኤል ወደቆመበት ሄደና ተንበረከከ። ጉልበቱ እንደ ደረቅ እንጨት ተንቋቋ። «አውልቅ» አለ።

ባስልኤል ደነገጠ። አማቱ እግሩ ሥር ሲወድቅ ከማየት መተት ቢሠራበት ይመርጥ ነበር። «ኧረ ጋሼ፣ በስመ አብ! ይነሡ! እኔ ልቀመጥ፣ እኔ…» እያለ እግሩን ወደ ኋላ ሸሸገ።

ባየ ቁርጭምጭሚቱን ያዘው። «ዝም ብለህ ቁም! እዚህ የወረድኩት ነገ ተመልሼ ልወርድ አይደለም።»

ጫማውን ራሱ አወለቀለት። ክሩን ከተረከዝ እስከ ጣት ዘረጋ፣ በእግሩ ጀርባ ላይ አዞረ፣ ከዚያ በተረከዙ በኩል አሳለፈውና ቆም አለ። እንደገና አሳለፈው። የልጁ ተረከዝ እንደ ፍየል ሰኮና ቀጭን ነበር፤ በጡጫው ተለክቶ በተሠራው ካልሲ ውስጥ እንዲህ ያለ ተረከዝ ሁለት ይገባል። ባየ በሥራው ዘመን ሁሉ አንድም የሰው ተረከዝ በቅርብ አይቶ እንደማያውቅ የተረዳው ያኔ ነው። ለማንም አልተናገረውም።

«እንግዲህ እዚሁ ይሥሩት» አለች ወሰንየለሽ። «ዓይኔ እያየ።»

ባየ ለመነሣት ሞከረ፣ ጉልበቱ እምቢ አለ። ኃይለጊዮርጊስ ብብቱ ሥር ገብቶ አነሣው። «ይበርቱ መቶ አለቃ። ከዚህ በኋላ መውረድ ሳይሆን መውጣት ነው የሚከብደው።»

ሠራ። ሽማግሌዎቹ ማናልሞሽ ያቀረበችላቸውን ጠላ ቀምሰው ሳይሆን አሽትተው አስቀመጡ። ባየ የካልሲውን አፍ አጥብቦ፣ የእግሩን ጀርባ ሳይጫን በሚይዝ ጥብቅ ጠርዝ ጀመረ፤ የተረከዙን ጓዳ ጠባብና ጥልቅ አደረገው፣ ከኋላ በኩል ጠርዙን ከፍ አድርጎ ጫማው እንዳይጎትተው ትንሽ ምላስ አወጣለት፤ ክሩን ከናይሎን ጋር ደርቦ አጠበቀው። አንዱ እግር አልቆ ባስልኤል ሲያጠልቀው ካልሲው እንደ ቆዳ ተኛ። ግቢውን ዞረበት። ዘለለበት። አልተነቃነቀም። ወሰንየለሽ በዚህ አላመነችም፤ ጠርሙሷን ከፍታ ካልሲው ላይ ጠበል ረጨች። ካልሲው አልጨሰም። ያን ጊዜ ተቀመጠች፤ ጫማዋንም አወለቀች። ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ ወደ በር እየሄዱ አወለቁ፤ ከዚያ ጠላው ተጠጣ።

ጭቃው ግን በቤቱ እንዲያድር ወሰንየለሽ አልፈቀደችም። ባየ ትሪውን በጭኑ ላይ ይዞ በኃይለጊዮርጊስ መኪና ጋቸብ ወንዝ ድረስ ሄደና ጣለው። ሲመለሱ ኃይለጊዮርጊስ እንዲህ አለው፦ «እንዳልኩት አደረስኩዎ። ሽቦዎቹን ረሱ እንጂ።»

«ሠርጉ ገና ነው» አለ ባየ።

ሠርጉ ደረሰ። ጫማ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተከመረ። ሙሽሮቹ ካባ ደርበው ሲገቡ ለባየ መጀመሪያ የታየው ካባው መሬት ድረስ መውረዱ ነበር። ያን ሁሉ ተዋርዶ የሠራው ካልሲ በወርቅ ጥልፍ ተሸፍኖ ማንም አያየውም። ግን ተክሊል ያለ ስግደት የለም። ሙሽራው በሰገደ ቁጥር ካባው ይነሣል፣ የውስጥ እግሩም ከኋላው ወደ ቆመው ሕዝብ ይዞራል፤ በቀጥታ ከኋላው የቆመው ደግሞ ኃይለጊዮርጊስ ነበር። ባየ ከጎን ሆኖ አየው። ኃይለጊዮርጊስ ሌሎች ሰግደው ከተነሡ በኋላ እንኳ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ እንዳስነካ ቆየ፤ ዓይኑ ግን ተከፍቶ ተረከዙ ላይ ነበር። ተረከዙ እንደተሸፈነ ገባ፣ እንደተሸፈነ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ የባየ ደጃፍ ተለወጠ። «ጨብጥ» የሚለው ትእዛዝ ቀረ፤ እንዲቀር ያደረገው ግን እሱ አይደለም። በዚያ ቀን እቤቱ የነበሩት ሽማግሌዎች ያዩትን አውርተዋልና ደንበኛ ሁሉ ሳይጠየቅ ጫማውን አውልቆ እግሩን ይዘረጋል። ባየ በርጩማ አሠራ፤ ጎንበስ ማለቱን በከፊል አዳነው። የጄኔራሉ ሚስትም አዲስ ትምህርት ጨመረች። «እግርን በእግርነቱ ለካው፣ በጡጫ የሚለካ ማይም ነው፤ ይህን የነገረችኝ እሷ ናት» ይላል አሁን።

በዚያው ክረምት ኃይለጊዮርጊስ መጣ። ሰው ተሰብስቦ ነበር። እግሩን እንደ ሊስትሮ ደንበኛ በርጩማው ላይ ጣል አደረገ።

«መቶ አለቃ፣ ለእኔም አንድ ጥንድ። ከግራው ይጀምሩ።»

ሰው ሳቀ። ባየ ጎንበስ ብሎ ግራውን ለካ፣ ቀኙን ለካ፣ እንደገና ግራውን ለካ። እንዲያ ተጠንቅቆ የለካው ደንበኛ አልነበረም። ካልሲው ሲያልቅ ተረከዙ ተደርቦ፣ ጣቱ ተደርቦ፣ ጠርዙ እንደ ብረት ጠንክሮ ነበር። ጥቂት ብቻ ይጠባል፤ ውሎ ሲገባ ሰው ጫማውን እየረገመ የሚያወልቅበት ያህል።

ኃይለጊዮርጊስ ከሳምንት በኋላ እያነከሰ መጣ። «ጋሽ ባየ፣ ይኼ ነገር እየለበሱት ይሰፋል?»

«አይሰፋም።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«የእኔ ሥራ ነው ኃይለጊዮርጊስ» አለ ባየ፣ ከሽቦዎቹ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ። «ለልጅህም ይደርሳል።»